ቀይ ጥልፍ ያለው የመኪና ካባ

ሻዩን ቅጂው እስቲ ሳያራ፣ በወተቱም አትሰስቺ። እንግዳችን ከብርድ ነው የገባው። ዛሬ ደግሞ ጉሙ እንዴት ያለ ነው ባክሽ... ጠዋት በሩን ከፍቼ ላሚቱን ብፈልግ ድምጿን እንጂ እሷን አላየኋትም። ምራቅ እንኳ መሬት ሳይደርስ ይጠጥራል። በእንዲህ ያለ ቀን ሰው ስለ ምን ያወራል? ስለ መኪና ነዋ። እኔ እንኳ ከፈረስ ልጓም በቀር የጨበጥኩት የሌለኝ አሮጊት፣ ስለ መኪና አያያዝ ሳወራ እውላለሁ።

አንድ ሰው ትዝ አለኝ። ኧረ አንቺ አታውቂውም፣ ከሌና ወንዝ ማዶ ነው። አንተ ጠጣ ልጄ፣ ይቀዘቅዝብሃል። ስለ ሌላ ሰው ነው የማወራው።

ያ ሰው ለመኪናው ያለው አንጀት... ምን ልበልሽ። በረዶ ከጣለ ወዲህ ቀን ቀን ሞተሩን አጥፍቶ አያውቅም። ገበያ ቢገባ፣ ዘመድ ቢጠይቅ፣ ለቅሶ ቢደርስ፣ መኪናው በር ላይ እያንኮራፋ ይጠብቀዋል። ለቅሶ ቤት እንኳ ብዙ አይቀመጥም፣ ነዳጁ ያልቃላ። መስታወቱንም ድርብ አሠርቶታል፣ በረዶ እንዳይጋገርበት። ማታ ደግሞ ባትሪውን ፈቶ ያስገባና ምድጃው ሥር ያስተኛዋል። እዚያ ቦታ ድሮ እናቱ ነበረች አሉ የምትተኛው... እውነቱን እኮ ነው። ባትሪ ከበረደው ጠዋት አይነሳም፤ እናት ግን በርዷትም ትነሳለች።

እንዲህ ያለ ሰው ባል ሲሆን ደግሞ... አስቢው እስቲ። ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው ይሉ ነበር የጥንቶቹ። መኪና ስላላዩ ይሆናል።

ካባም አለው መኪናው። አፍንጫው ላይ የሚለብሰው ወፍራም የሱፍ ካባ፣ ጠርዙ ላይ በቀይ ክር የበሬ ቀንድ የተጠለፈበት። አንዲት ልጅ ናት የሰፋችለት። ጣቷን መርፌ እየወጋት፣ ዓይኗ እስኪቀላ፣ ከዚች መስኮት ሥር ተቀምጣ... ምን አልኩ? ከአንዲት መስኮት ሥር ለማለት ነው። በአገሩ ሁለተኛ የለውም፣ ከሩቅ ይታወቃል። የእጅ ሥራ ሲያምር መቼም ባለቤቱን አይደብቅም።

አጎትሽን ዲዮጎርን ጠየቅሽው? ሂጂ ልጄ፣ ጠይቂው። ወንድሜ እግሩ በፋሻ ተጠቅልሎ ተኝቷል፤ ሁለቱ ጣቶቹ አይተርፉም ብሏል ሐኪሙ። ያቺ አሮጌ መኪናው ከያኩትስክ ከተማ ሲመለስ መንገድ ላይ ቀጥ አለችበት። ኮፈኑን ከፍቶ ቆመ። በእኛ አገር በብርዱ ወራት ኮፈኑ የተከፈተ መኪና ታይቶ ይታለፋል? ጠላትሽም ቢሆን ትቆሚለታለሽ፣ ጠቡን በረዶው ሲቀልጥ ትቀጥያለሽ። ገና ኮልታፋ ሳለሽ ያስተማርኩሽ እሱን አይደል? ዲዮጎርም ያንኑ አምኖ፣ ባርኔጣውን አውልቆ አውለበለበ።

አንድ መኪና መጣ። ቀስ አለ... ከዚያ ፈጠነ።

አይፈረድበትም። በር ቢከፈት ሙቀቱ ይወጣል። ወንበሩም አዲስ ነው፣ የሽማግሌ ጫማ ደግሞ በረዶ ተሸክሞ ነው የሚገባው። እኔና አንቺ ብንሆን ጅሎች ነን፣ እንቆም ነበር። ዲዮጎርማ ስኮርታ ጎማውን አቃጥሎ እሱን እየሞቀ ቆየ፣ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር እስኪደርስለት ድረስ። የዚያ ሹፌር መኪና ደግሞ ስታስጠላ አሉ... መስታወቷ የተሰነጠቀ፣ ካባ የሚባል የላት። ምስኪን፣ የመኪና አያያዝ አያውቅም።

ዲዮጎር የዚያን የመጀመሪያውን ሰው ፊት አላየውም፣ መስታወቱ ድርብ ነዋ። ያየው ካባውን ነው። «እህቴ፣ ያ ቀዩ የበሬ ቀንድ እንዴት አምሮ ተጠልፏል» አለኝ። ሳያራ፣ ሻዩ ፈሰሰ እኮ። ተዪው፣ ይደርቃል። እንግዳችን ግን ምነው አልጠጣህም?

የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይላል ተረቱ። እኛ ጋ ጅብ የለም፤ ብርድ ብቻ ነው ያለው። እና ምን ያስፈራሻል? ከእንግዳችን ጋር ለኑሮ ወደ ከተማ የምትሄጂው በሞቀ መኪና ነው። ሻንጣሽ በር ላይ ቆሟል፣ ቀለበቱም ጣትሽ ላይ ነው። ጤናሽ እስካለ ድረስ ማን እንዳንቺ ይሞቀዋል? አንድ ቀን ደግሞ ብትታመሚ፣ ብታረጂ... አይ፣ እሱን ያኔ ታዪዋለሽ።

ምነው ካፖርትሽን አወለቅሽ?... ሻንጣውንስ ወዴት ትመልሺዋለሽ? እኔ እኮ ስለ ማዶው ሰው ነው ያወራሁት። ቀለበቱንም ጠረጴዛ ላይ አታኑሪው፣ ይጠፋል። ለባለቤቱ ስጪው።

እንግዳችንም ተነሳ? ያቀረብንልህን የወተት ክሬም ሳትቀምስ? እሺ፣ ልክ ነህ፣ መኪናው ይጠብቅሃል። ና፣ ጎንበስ በልልኝ ልመርቅህ። ፈጣሪ መንገድህን ያቅናልህ የኔ ልጅ። ሞተርህ አይጥፋ፣ ነዳጅህ አይጉደል። ምናልባት አንድ ቀን በብርድ መሀል ቀጥ ቢልብህ ደግሞ... ከኋላህ የሚመጣውን ሰው ልክ እንዳንተ ጠንቃቃ፣ ልክ እንዳንተ ለመኪናው የሚሳሳ ያድርግልህ።

አሜን በይ እንጂ ሳያራ።