የጠረግኩት ምንጭ

በእኛ ጊዜ፣ ልጆች፣ እዚህ ሰበታ ምንጭ መጥረግ ጽድቅ ነበር። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ጎረምሳው ማጭድ ይዞ ይወርድና ዙሪያውን የበቀለውን ቄጠማና ደንገል ያጭዳል፣ ጭቃውን ይዝቃል፣ ሽማግሌም ይመርቀዋል። እና እኔ ይህንኑ ይዤ ነው በረሃ የወረድኩት፤ ሌላ አላውቅማ።

ታዲያ በንጉሡ ጊዜ አንድ መሐንዲስ ከአዋሽ ወዲያ ያለውን የጥንት የግመል መንገድ ሊያጠና ሲወርድ በቅሎ ጫኝ አድርጎ ወሰደኝ። መንገድ የሚመራን ሐመዱ የሚባል አፋር ነው፤ አማርኛ ያውቃል፣ ጨዋታ ያውቃል፣ ወደድኩት። አንድ ቀን ከአንዲት ምንጭ ደረስን፣ ዙሪያዋን ደንገል ውጧታል። እነሱ ወደፊት ያለውን መንገድ ሊያዩ ሄዱ፣ እኔ ከበቅሎዎቹ ጋር ቀረሁ። እና እጄ አላርፍ አለኝ፣ እንዳለ አጨድኩት። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው።

ሐመዱ ሲመለስ አየና ቁጢጥ አለ።

"ይህን ማን አጨደው?"

"እኔ ነኛ" አልኩት፣ ምርቃት እየጠበቅኩ። ይታያችኋል?

"ዳባ፣ አሸዋውን የሚያግደው እኮ እሱ ነበር። እናቴ በሳምንቱ ፍየሎቿን ይዛ እዚህ ነው የምትመጣው።"

"ውሃው መች ጠፋ?" አልኩ፣ እኔ ደረቅ።

"ነፋስ ባይመጣ ጥሩ ነው" አለ።

ነፋሱ መጣ። በሳምንታችን ስንመለስ ምንጩን አሸዋ ደፍኖታል፣ እናቱ ተንበርክካ በእጇ ትቆፍራለች፣ ፍየሎቹ ዙሪያዋን ወድቀዋል። ሌላ ውሃ የሁለት ቀን መንገድ ነው። እኛም በአካፋ ቆፈርን፣ ቆፈርን፣ ጭቃ ብቻ ወጣ። በበቅሎ የጫንነውን ውሃ አወረድንላት፤ ለእሷ በቃ፣ ለፍየሎቹ ግን አልበቃም፣ ሁለት ብቻ ተረፉ።

ታዲያ ሴትየዋ ሐመዱን በቋንቋቸው አንድ ነገር ጠየቀችው።

"ምን አለችህ?" አልኩት።

"ደንገሉን ማን አጨደው አለችኝ።"

"አንተስ?"

"መንገደኛ ነው፣ አልፎ ሄዷል አልኳት።"

እና እሱ ነው ብለህ ንገራት አላልኩትም። እሷ ደግሞ ተነስታ፣ ከተረፉት አንዷን አልባ፣ እንግዳ ነው ብላ ወተቱን መጀመሪያ ለእኔ ሰጠችኝ። ጠጣሁት፣ ልጆች። ቀና ብዬ ሳላያት ጠጣሁት። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

"ይኸው ለእኛ ተናገሩት እኮ፣ ኦቦ ዳባ" አለ ከመካከላችን አንዱ።

"ለእናንተ መንገርማ ምን ይከብዳል?" አሉት። "ፍየሎቹ የእናንተ አልነበሩም።"