ሽምብራው ላይ የሰፈሩት ወፎች

በኛ ጊዜ አውሬ ልይ ብሎ ለመንገድ የሚነሳ ሰው አልነበረም፤ አውሬው ነበር እኛን ለማየት የሚመጣው። ጅቡ ደጃፍ ድረስ፣ ዝንጀሮው ማሳ ድረስ። ታዲያ ባለፈው ጥር ልጄ ሙሉ ከባሕር ዳር ደውላ «አባቴ፣ እናቴን ይዘህ ና፣ ደሴት ወስጄ አውሬና ወፍ ላሳያት ነው» ስትለኝ ሳቅሁ። እናንተም ትስቃላችሁ፤ ሳቁ፣ ግድ የለም።

ነገሩ ግን የሳቅ አልነበረም። ጥሩዬን ታውቋታላችሁ፣ ባለቤቴን፣ ይችውና ከጎኔ ተቀምጣለች። ያን ጊዜ ዓይኗ እየሄደ ነበር፤ ብርሃንና ጥላ ነው የቀራት። ከመደወሏ በፊት ሙሉ የወሰደችን ሐኪም «የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውም ብዙ አይቆይም» አለን። እና ስንወጣ ሙሉ «እማዬ፣ ምን ማየት ትፈልጊያለሽ?» ብላ ጠየቀቻት። እኔ የልጅ ልጆቿን ትላለች ብዬ ነበር። እሷ ግን «አይቼ የማላውቀውን ነገር» አለች። እንዲህ ነው ያለችው፤ አይቼ የማላውቀውን።

እና ከአምበር በሚኒባስ፣ ከደብረ ማርቆስ በአውቶቡስ ሄድን፣ ባሕር ዳር አደርን፣ በማለዳ ጀልባ ላይ ወጣን። አስጎብኚው ረጋ ያለ ጎረምሳ ነው። ከአዲስ አበባ የመጡ ባልና ሚስትም አብረውን አሉ፤ ሴትዮዋ ክንድ የሚያህል ካሜራ ይዛለች። ጥሩዬ ገና ሳንነሳ «መነኮሳቱ ሴት የሚከለክሉበት እንዳይሆን፣ ኋላ ከደጅ እንዳልመለስ» አለች። «ግድ የለም እማማ» አላት አስጎብኚው፣ «እዚያ ያሉት ገበሬዎችና ወፎች ናቸው።»

ውኃው ማለቂያ የለውም። ብዙ ከሄድን በኋላ አስጎብኚው ልጅ ሞተሩን አስጠፋና በሹክሹክታ «ጉማሬ!» አለ። አየሁ። ጆሮና አፍንጫ ነው፤ ሌላው ውኃ ውስጥ ነው።

«የት ነው?» አለች ጥሩዬ።

«እዚያ።»

«እዚያ ማለት የት ነው? ምን ይመስላል?»

«ጆሮ ነው።»

«የምን ጆሮ?»

«የጉማሬ።»

«ወይ አንተ ሰውዬ! እግዜር አፍ የሰጠህ ለዚህ ነው?»

ሁሉም ሳቀ። ልጁ ያን አቅርቦ የሚያሳየውን መነጽር ዓይኗ ላይ አደረገላት። ያዘችው፣ ያዘችው፣ ከዚያ መለሰችለት። «እግዜር ይስጥህ ልጄ» አለች እንጂ አየሁ አላለችም። ሙሉም ፊቷን ወደ ውኃው አዞረች።

ደሴቱ ላይም እንዲሁ ሆነ። ዛፍ ላይ ጦጣ፣ ድንጋይ ላይ እንደ ግንድ የተጋደመ ትልቅ እንሽላሊት፣ አርጃኖ፤ ልጁ ያሳያል፣ እኛ እናያለን፣ እሷ «የት?» ትላለች። ከሰዓት በኋላ ግን «የት?» ማለቱንም ተወችው። ይኸኔ ነው አንጀቴን የበላችኝ።

ታዲያ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ልጁ «የመጨረሻው ነው፣ ዋናውም ይኸ ነው» አለና ቁጥቋጦ ሥር አስቀመጠን። «ድምፅ እንዳይሰማ። ከብርድ አገር የሚመጡ ወፎች ናቸው፣ በትንሽ ነገር ይደነግጣሉ።» ከዚያ ወደኔ አየና «ሁላችሁም እንደ አባባ ሁኑ» አለ፤ ከጉማሬው ወዲህ ትንፍሽ አላልኩማ።

ቅጠሉን ገለጥ አድርጌ አየሁ። ግራጫ ናቸው፣ እግራቸው ረጅም፣ አንገታቸው ረጅም፣ ሜዳውን ሞልተውታል። ስማቸውን ነግሮን ነበር፣ አልያዝኩትም። ግን የሰፈሩት ምን ላይ ነው? ሽምብራ ላይ! የሰው ሽምብራ፣ እሸት የያዘ! ይለቅሙታል። እኔ ደግሞ ያደግሁት ማማ ላይ ነው፣ ወንጭፍ ይዤ እህል ስጠብቅ። ምን ልበላችሁ፣ እግሬ ቀድሞኝ ተነሳ። ጋቢዬን አወለበለብኩና «ሃይይይ! ሃይ! ውጣ ከሰው እህል!»

ተነሱ። ሁሉም ባንዴ። ክንፋቸው እንደ በረዶ ዝናብ፣ ጩኸታቸው እንደ መለከት። ሰማዩ ጠቆረ።

«አባባ! ምን ነካዎት?» አለ ልጁ።

ባለካሜራዋ «ኧረ በሕግ አምላክ! አንድም ሳላነሳ?» ትላለች። ሙሉም ራሷን ያዘች። እኔ ጋቢዬን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ፤ መሬት ብትውጠኝ በወደድሁ።

ታዲያ ጥሩዬ እጄን ጭብጥ አደረገችው። ፊቷ ወደ ሰማይ ነው። «አየኋቸው!» አለች። «ጥቁር ጥቁር ሆነው፣ አንገታቸውን ዘርግተው… ያ ኋላ የቀረው ብቻውን ነው፣ አየኸው?» እውነቷን ነው፣ አንዱ ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር። መሬት ላይ ሳሉ ያልታዩዋት፣ ብርሃኑ ላይ ሲወጡ ታዩዋት። «እንደገና በል! እባክህ፣ እንደገና ጩህ!»

ልጁ ጉሮሮውን ጠረገ። «እማማ፣ ደግመን ብናባርራቸው ይደክማሉ፣ ስንት አገር አቋርጠው ነው የመጡት» አላት ቀስ ብሎ። «ግን ሲመሽ ራሳቸው ወደ ማደሪያቸው ይነሳሉ። እንጠብቅልዎ?»

የመመለሻ ሰዓት ደርሶ ነበር። ባለካሜራዋ «እንጠብቃለን» አለች። ካሜራዋን ቦርሳ ውስጥ ከተተችና ከጥሩዬ ጎን መሬት ላይ ተቀመጠች።

ወፎቹ ዞረው መጡና እዚያው ሰፈሩ። ለሽምብራው ባለቤት እያዘንኩ ጋቢዬን ተከናንቤ ተቀመጥኩ። ፀሐይ ገባች፤ ጠበቅን። ከዚያ በየመንጋው ተነሱ፣ ከራሳችን በላይ አለፉ። ወፉን ያየ የለም፤ ሁላችንም የምናየው እሷን ነው።

«እህ፣ እማማ?» አለ ልጁ።

«አየሁ» አለች፣ ሳቀችም። ባለካሜራዋ አገላብጣ ሳመቻት። እና በደስታ ተመለስን፣ እኔም…

(እዚህ ላይ እማማ ጥሩዬ ገቡበት።)

«ኋላ ሲመሽ እንኳ አላየሁም።»

«ምን?»

«ጨልሞብኝ ነበር። ያ ሁሉ ሰው ጀልባ አስቁሞ ጠብቆኝ፣ አላየሁም ልበል?»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ሳትነግሪኝ?»

«አንተ መቼ ጠይቀኸኝ!»

«እንግዲያ ያየሽው…»

«ያየሁትማ አንተ የሰው እህል ስትጠብቅ ነው። እሱ ይበቃኛል።»

እንግዲህ ሰማችኋት። እኔኮ በዚያ ጩኸት እስከ ዛሬ ሳፍር ነበር! (ሁለቱም ይስቃሉ።)