አረንጓዴው ጀሪካን

— ሄሎ?... አዎ፣ ቱርዲስ ነኝ።... ከእስር ቤት? አዎ፣ አዎ፣ አገናኙኝ።... (ኦድቫር፣ ዋፍል መጋገሩን ተወውና ራዲዮኑን ዝጋልኝ! እሱ ነው።)... ሄሎ፣ ኤስኪል? ትሰማኛለህ?

— ያኔ ፖሊስ ጣቢያ ያነጋገርኩህ የሥነ ልቦና ባለሙያ ነኝ... እንዴት ይረሳል፣ ልክ ነህ።... አሥር ደቂቃ ብቻ? እሺ፣ ቶሎ እላለሁ።

— ጠበቃህ ደውላልኝ ነበር። ጉዳዩ እንደገና ይታይ የሚለውን ማመልከቻ አልፈርምም ብለሃል አለችኝ። ለምን?... "ስላደረግኩት"?... ቆይ፣ አትቆጣ። እሺ፣ የምታስታውሰውን ንገረኝ።

— እ... የጀልባ ማስቀመጫውን በር ከፈትክ... የቤንዚን ጀሪካን ይዘህ... ምን ዓይነት ጀሪካን?... አረንጓዴ። ጎኑ የተጨረመተ። እጀታው በሽቦ የታሰረ።

— (ውሃ አልፈልግም ኦድቫር፣ ተወኝ።)

— ኤስኪል፣ ያ ጀሪካን የኛ ነው።... የኛ ነው እልሃለሁ! እዚህ ጋራዣችን ውስጥ አለ። ሽቦውን ያሰረው ባለቤቴ ኦድቫር ነው።... አላበድኩም። ያኔ የተቀዳውን ድምፃችንን ጠበቃህ ላከችልኝ። ሦስት ቀን ሙሉ ሰማሁት። አንተ "አላውቅም፣ አላውቅም" ትላለህ። እኔ ደግሞ "ዓይንህን ጨፍን፣ በሐሳብህ እዚያ ግባ" እልሃለሁ። "ጀሪካኑ አረንጓዴ ነበር? እጀታው ሽቦ ነበረው?" ያልኩት እኔ ነኝ! ፖሊስ ምንም ጀሪካን አላገኘም። ጀሪካን ሳስብ ዓይኔ ላይ የመጣው የራሴው ነው፤ ያኔ እንኳ አልታወቀኝም። በሳምንቱ አንተው እያለቀስክ መልሰህ ነገርከኝ። እኔም "አስታወሰ" ብዬ ጻፍኩ። ዳኞቹም አመኑኝ።

— አልቅስ፣ ግድ የለም።

— እሳቱን ማን እንደለኮሰው አላውቅም። ጀልባ ማስቀመጫው ውስጥ የነበሩት ሽማግሌ ተቃጥለው የሞቱት በማን ጥፋት እንደሆነም አላውቅም። አንተን በሐሳብህ እዚያ ያስገባሁህ ግን እኔ ነኝ።

— "ታዲያ የት ነበርኩ?"... ቤትህ ነዋ! ትኩሳት ይዞህ ተኝተህ። እናትህ ስትምልና ስትገዘት ነበር እኮ። እኔ "ልጇን ለማዳን የፈጠረችው ነው" ብዬ ሪፖርቱ ላይ አሰፈርኩ።... አውቃለሁ። አንተም "ትዋሻለች" ብለህ እንዳትጠይቅህ ከለከልካት። አሥራ አንድ ዓመት።... የኔ ሥራ ነው፣ አዎ።

— ይቅር በለኝ አልልህም። በየትኛው አፌ? ፍርድ ቤት ቆሜ ይህንኑ እናገራለሁ፤ የፈለጉትን ያድርጉኝ። አንተ ብቻ ፈርም።... ትፈርማለህ?... እፎይ።

— ስንት ደቂቃ ቀረህ?... አራት? በል ለኔ አታባክናት፣ ለእናትህ ደውል።... ታነሳዋለች። ዛሬ ጠዋት በጀልባ ተሻግሬ ቤቷ ሄጄ ሁሉንም ነግሬአታለሁ።... ምን ትለኛለች፣ በሩን ፊቴ ላይ ዘጋችው። ደግ አደረገች።... አንተ ግን ልጇ ነህ።

— "ምን ልበላት?"... "እውነትሽን ነበር" በላት።... አዎ፣ እሱን ብቻ።

— መዝጋት ካቃተህ እኔ ልዝጋው።... እሺ፣ ዘጋሁት።