የአቶ ሰብስቤ ጥጋቡ የመንገድ ወረቀትና የዶካው መልስ

ይሳቅ እንጂ! የሎሪው ወሬ ገና ሲነሣ በነጠላ አፍ ማፈን ምን አመጣው? አቶ ሰብስቤ ራሳቸው ይህን ባወሩ ቁጥር ሆዳቸውን ይዘው ነበር የሚስቁት፤ ደግሞም ዋናው ነገር ወደ ኋላ ነው የሚመጣው፤ እሱ ሲደርስ አክስታቸው ስንቅነሽ፣ በቀብራቸው ቀን ይህን የሕይወት ታሪካቸውን ወረቀት ይዛ ፊታችሁ የቆመችው፣ ፊቷን የምታስገባበት ታጣለች። እስከዚያው ግን ወጉ በወጉ ይሂድ፤ በእጇ ያሳደገችውን ልጅ ዛሬ አንቱ ማለትም ወግ ነውና እንዲህ ይነበባል።

አቶ ሰብስቤ ከአባታቸው ከአቶ ጥጋቡ ወንድምና ከእናታቸው ከወይዘሮ እንጉዳይ በላቸው በ1968 ዓ.ም. በጭልጋ ተወለዱ። በ1977 ዓ.ም. ድርቁ ሰዉን ከቀዬው ሲነቅል ወላጆቻቸው ይዘዋቸው በመተማ በኩል ወደ ገዳሪፍ ተሻገሩ፤ አባታቸውን በመጠለያው ወባ ሲወስዳቸው፣ እናታቸውም ዓመት ሳይሞላ ሲከተሏቸው፣ የእናታቸው ታናሽ እህት ስንቅነሽ የዘጠኝ ዓመቱን ልጅ ይዛ ካርቱም ገባች፤ ጀብራ ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይታ፣ የሰው ልብስ እያጠበች አሳደገቻቸው። በኢትዮጵያውያን ማኅበር ትምህርት ቤት እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ፤ የተማሩትንም ማታ ማታ ሦስተኛ ክፍል ላይ ለቀረችው አክስታቸው እየመለሱ ያስተምሯት ነበርና፣ በዚህ ጽሑፍ ግድፈት ብታገኙ የተማሪዋ ነው እንጂ የአስተማሪው አይደለም።

በአሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው የኦመር ሎሪ ረዳት ሆኑ፤ ኦመር ይኸው ከፊት ቆሞ የሚያለቅሰው ነው። ከኦምዱርማን ተነሥተው ወደ ኤል ኦበይድ፣ ወደ ዋዲ ሐልፋ፣ ወደ ፖርት ሱዳን፣ ወደ ገዳሪፍና ወደ ድንበሩ ሃያ ዓመት ተመላለሱ። ያ ወሬም የኤል ኦበይድ መንገድ ወሬ ነው፤ ሎሪው አሸዋ ውስጥ ሰጥሞ፣ እሳቸው ከኋላ ሆነው ሲገፉ፣ ሎሪው ድንገት ነፍስ ዘርቶ ሲሄድ፣ ኦመርም ረዳቱ የተሳፈረ መስሎት ሁለት ሰዓት ሙሉ ብቻውን ሲያወራ ነድቶ፣ መልስ ሲያጣ ነው ዞር ብሎ ያየው! ተመልሶ ሲያገኛቸው አሸዋው ላይ ቁጭ ብለው ይጽፉ ነበር። «ምን ትጽፋለህ?» ቢላቸው፣ «ጥለኸኝ መሄድህን ነው፤ አንባቢ ይፍረደን» አሉት።

በ1996 ዓ.ም. ከወይዘሮ እፀገነት ጋር በተክሊል ተጋብተው ማርዘነብንና ኪዳንን ወለዱ።

ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ሁላችሁም የምታውቁትን የመንገድ ወረቀት ማውጣት ያዙ። በወረቀቱ ፊት በመንገድ ያዩትን ጽፈው፣ ጀርባውን ባዶ ትተው፣ ኦምዱርማን ካለ መክተባ፣ ከጽሕፈት መሣሪያ ቤት፣ በብዙ ቅጂ ያስነሡና ዓርብ፣ በአገሩ የዕረፍት ቀን፣ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ በር ያድሉታል፤ አንባቢም ጀርባው ላይ የልቡን ጽፎ በሳምንቱ ይመልሳል፤ መልሱን በሚቀጥለው ወረቀት ያገኘዋል። ማዮ ሰፈር በቀን ሥራ የሚያድረው፣ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ስለሌላት ከአሠሪዋ ሰፈር የማትወጣው፣ ሁሉም በእሳቸው ዓይን ሱዳንን ዞረ። አንዱ «የፖርት ሱዳን ባሕር እውነት ጨው ነው ወይስ ሰው ነው የሚያወራው? ቀምሰህ ጻፍ» ሲላቸው ቀምሰው፣ «እውነት ነው፤ እስከ ማታ ውኃ ሲጠማኝ ዋለ» ብለው መለሱለት። ሌላዋ ደግሞ «ያለፈው ወረቀትህ ስለ ዓሣ ብቻ ነው፤ መንገደኛ ነህ ወይስ ሆዳም?» ብትላቸው፣ ያንን ጀርባ ግድግዳቸው ላይ ለጥፈውት ኖሩ።

በ2006 ዓ.ም. ክረምት የወገባቸው ዲስክ ተንሸራቶ አልጋ ያዙ። አንባቢው ግን በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ እፀገነትን ባየ ቁጥር «ወረቀቱስ?» ይላል፤ እሳቸውም «ተኝቻለሁ» ማለት አፈሩና፣ ሾፌሮች በስልክ የሚነግሯቸውን ይዘው መንገድ ላይ እንዳሉ አድርገው መጻፍ ጀመሩ። ስንቅነሽም አልጋው ጫፍ ተቀምጣ «ዝናብ ጨምርበት! ጅብም ይለፍበት!» ትል ነበር፤ እሷ ትስቃለች፣ እሳቸው ይጽፋሉ። ከመስከረም እስከ ጥር እንዲህ ሆነ።

በጥር አንድ ወረቀት ተመለሰ፤ ኦምዱርማን ሰው ቤት ከምታድረው ከሸዋአለም ነበር። ጀርባው ላይ «ጋሽ ሰብስቤ፣ እናቴ የሻረግ እኔ ጋ ልትመጣ ድንበሩን ተሻግራ ዶካ ላይ ታማ ቀረች አሉኝ። ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ መሪማ የምትባል ሴት ቤት ናት። በዚያ ስታልፍ በዓይንህ እያት። ብሶባት ከሆነ ንገረኝ፤ ሥራውም ይቅር፣ ፖሊስም ይያዘኝ፣ እሄዳለሁ» ይላል።

አቶ ሰብስቤ ወረቀቱን ደረታቸው ላይ አድርገው ሁለት ቀን ደጋግመው አነበቡት። ዶካ ሄዶ እንዲያያቸው ኦመር ጋ ደወሉ፤ እሱ ግን ፖርት ሱዳን ነበር። እውነቱን ሊጽፉ ብዕር ሲያነሡ ግን ስንቅነሽ «አንተ ልጅ፣ ልታዋርደን ነው? የአምስት ወር ወረቀት ውሸት ነበር ልትል? ደህና ናቸው በልና ልጅቱም እንጀራዋ ላይ ትቆይ፤ አሮጊት ይተኛል፣ ይነሣል» አለች፤ አለችና ሳቀች። እሳቸውም «እማማ የሻረግን አየኋቸው፤ ጥላ ሥር ተቀምጠው ሰሊጥ ያበጥራሉ፤ ሳቃቸው ከወፍጮው ድምፅ በላይ ይሰማል» ብለው ጻፉ። ሰሊጡን ያስገባችው ስንቅነሽ ናት።

ሸዋአለም ያንን አንብባ ሥራዋ ላይ ቆየች። እማማ የሻረግ ወረቀቱ በወጣ በአሥራ ሁለተኛው ቀን አረፉ። አቶ ሰብስቤ ለመጀመሪያ ጊዜ በከዘራ ተደግፈው በሩ ላይ በቆሙበት ዓርብ፣ ሸዋአለም ጥቁር ለብሳ መጣችና ሰው ሁሉ እየሰማ «መርዶ ያመጣው ሰው መሪማን ጠይቋታል፤ ከካርቱም የመጣ ጠያቂ ደጃፌን አልረገጠም ብላለች። ጋሽ ሰብስቤ፣ ማንን ነው ያየኸው?» አለቻቸው። ስንቅነሽ ከጎናቸው ቆማ ነበር፤ ቃል አጥሯት የማታውቀው ስንቅነሽ መሬት መሬቱን አየች።

በሳምንቱ፣ ሐኪም መኪና ላይ እንዳይወጡ ከልክሏቸው ሳለ፣ «ዶካ አድርሰኝ» ብለው ኦመርን ለመኑት። ኦመርም «ወላሂ ሰብስቤ፣ ወገብህ ገዳሪፍ ላይ ይቀራል፤ ስንመለስ ለብቻው ነው የምጭነው» እያለ፣ ፍራሽ አንጥፎ ወሰዳቸው። ስንቅነሽ ልከተል ማለትን አልደፈረችም። ዶካ ላይ መሪማን አገኙ፤ ሟቿ የተኙባትን ክፍል ገብተው አዩ፤ መቃብራቸው ላይ ቆሙ፤ የመሪማንም ቃል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰሙ።

ሲመለሱ ያወጡት ወረቀት አምስት መስመር ነበር። «ከመስከረም እስከ ጥር የጻፍኩት ሁሉ ከአልጋ ላይ የተጻፈ ነው። እማማ የሻረግን አላየሁም፤ አየሁ ብዬ ልጃቸውን አስቀረሁ። አሁን ዶካ ደርሼ መጥቻለሁ። ያየሁት የሸዋአለም ስለሆነ እዚህ አልጽፈውም። ካፈርኩ በኋላ መጻፌ ሳላፍር ከመጻፌ ይሻላል ብዬ ነው» ይላል። የአክስታቸው ስም በአንዱም መስመር አልነበረም። ሦስት ዓመት ሙሉ ሰው እሳቸውን ሲያማ ስንቅነሽ ሰምታ ዝም ብላለች፤ ዛሬ ነው እንግዲህ የምትናገረው፤ ደህና ናቸው በል ያለችው እሷ ናት። እሳቸው መስማት በማይችሉበት ቀን መናገሯም ሌላ ኀፍረት ነው።

ያንን ወረቀት በሩ ላይ ሲያድሉ ሸዋአለም እጇን ሳትዘረጋ አለፈች። የሌሎቹም ጀርባ ለብዙ ወር ባዶውን ተመለሰ። እሳቸው ግን አልተዉም፤ ወገባቸው ሲፈቅድ ከኦመር ጋር እየወጡ፣ ያዩትን ብቻ፣ ያላዩትንም «ይህን አላየሁም» እያሉ ጻፉ። በመጨረሻ ከማዮ አንዱ «ድሮ ዝናቡ ይበዛ ነበር፤ አሁን ምነው ደረቀ?» ብሎ ቢጽፍላቸው፣ «ስላልዘነበ ነው» ብለው መለሱለት፤ ከዚያ ወዲያ ጀርባው ቀስ በቀስ ተሞላ። የሸዋአለም ጽሕፈት ግን በመካከሉ አልተገኘም፤ በየሳምንቱ መጀመሪያ የሚፈልጉት እሱን ነበር።

በ2009 ዓ.ም. መጨረሻ ኩላሊታቸው ታመመ። በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ኅዳር 14 ቀን 2010 ዓ.ም. በተወለዱ በአርባ ሁለት ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ እፀገነት፣ ልጆቻቸው ማርዘነብና ኪዳን፣ ወንድም የሆናቸው ኦመር፣ በየሰፈሩ ያላችሁ አንባቢዎቻቸውና ይህች ያሳደገቻቸው አክስት ያለ እሳቸው ቀርተናል። የመንገደኞች ጌታ እሳቸውን ከደጉ አብርሃም እቅፍ ያሳርፍልን፤ እማማ የሻረግንም ከዚያው ያድርግልን፤ ስንቅነሽንም ይማራት፤ አሜን በሉ።

አንድ ነገር ቀርቷል፤ ሸዋአለም ይነበብ ብላ ፈቅዳለች። ሊያርፉ አራት ቀን ሲቀራቸው፣ በጠያቂ ሰዓት፣ ሆስፒታል መጣች። አቶ ሰብስቤ ሊነሡ ሞክረው አልሆነላቸውም። እሷም ወንበሩን ወደ አልጋው ስባ እንዲህ አለቻቸው፤

«ይቅር ብዬሃለሁ ልል ነበር አመጣጤ፤ አፌ እንቢ አለኝ። ግን እኔ ያቺን የመሪማን ደጃፍ አላየኋትም፤ አንተ በእግርህ ደርሰህባታል። ይኸው ቁጭ አልኩ። ከገዳሪፍ ተነሥና ቀስ እያልክ በቃልህ እናቴ ጋ አድርሰኝ፤ አደራህን ጋሽ ሰብስቤ፣ ያላየኸውን እንዳትጨምርብኝ።»