የቅጂው ጠረጴዛ

በዚያ የጥር ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወደ ኮምፒውተር ማኅበራችን ስብሰባ ስሄድ፣ አንዲት ወጣት ከባድ ካርቶን ታቅፋ በረዶው እያዳለጣት ስትንገዳገድ በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ አገኘኋት። ካርቶኑን ተቀበልኳትና አብረን ወደ ምድር ቤቱ ወረድን። ስሟ ጃኒን ኮቫልኬ ነው፤ ትምህርቷ የንግግር ሕክምና። ካርቶኑ ውስጥ ያለውን ኮምፒውተሯን ከአባሎቻችን ለአንዱ ልትሸጥ መምጣቷ ነበር። ሰኞ አይብ ፋብሪካ ሥራ ትጀምራለች። ለምን እንደምትሸጠው ብጠይቃት «አልሆነልኝም» አለችኝ።

ስብሰባችን ምን እንደሚመስል ልናገር። ጸሐፊው ቃለ ጉባኤ ያነባል፣ አንዱ ተነሥቶ ስለ ማተሚያ መሣሪያ ያስረዳል፤ የሚሰማው ግን የለም። የሁሉም ዓይን ከኋላ ባለው ረጅም ጠረጴዛ ላይ ነው። ሥነ ሥርዓቱ እንዳበቃ ሰው ሁሉ ባዶ ዲስኩን ይዞ ይሰለፍና፣ ሌሎች የደከሙበትን ፕሮግራም እስኪመሽ ሲገለብጥ ይውላል። ከላይ «አትስረቅ» ተብሎ ይሰበካል፤ ከታች ዶናት እየተበላ ይሰረቃል። ይህን ስናገር «አስተማሪ ነህና ነገር ማክረር ልማድህ ነው» እያሉ ይስቁብኛል።

ሊቀ መንበራችን ኦርቪል ቴሽ የስልክ ሽቦ ዘርጊ የነበሩ ጡረተኛ ናቸው። ክፉ ሰው አይደሉም፤ በጋ ሲሆን የጓሮ ዱባቸውን በየጎረቤቱ ደጃፍ አስቀምጠው የሚሸሹ ሰው ናቸው። ሚስታቸው ወይዘሮ ቬርና ዓምና ስትሮክ መትቷቸው አንደበታቸው ተዘጋ። ከዚያ ጠረጴዛ የተገኘ አንድ ፕሮግራም ሥዕል እያሳየ፣ ስሙን እያስጠራ፣ ነጠላ ቃላትን አንድ በአንድ መለሰላቸው። ስለዚህ ለሚስተር ቴሽ ያ ጠረጴዛ መሠዊያ ነበር ማለት ይቻላል።

ለእንግዳ ዲስክ መስጠት የማኅበሩ ወግ ነው። ሚስተር ቴሽም ጃኒንን አስቀምጠው ያንኑ ፕሮግራም ከፈቱላት።

«ልጄ፣ እንግዳ ባዶ እጁን አይሸኝም። ይቺ ዲስክ ባለቤቴን ከዝምታ ያወጣችልኝ ናት።»

ወጣቷ በኮምፒውተሩ ማያ ላይ ወደወጣችው የላም ሥዕል ጠጋ አለች። በሠሪው ስም ቦታ «ጥቁር ቀበሮ» የሚል የቅጽል ስም ተጽፏል።

«ይህቺን ላም የሳልኳት እኔ ነኝ» አለች።

ሚስተር ቴሽ በደስታ ሁለት እጇን ያዙ። ዓመት ሙሉ ሠሪውን ሲያጠያይቁ ኖረዋልና።

«ታዲያ ለምን አልጻፉልኝም?»

«አድራሻሽን ከየት አምጥቼ?»

«የመጨረሻው ገጽ ላይ አለ። ‹ማን እንደተማረበት ጻፉልኝ፤ ሁለተኛው ክፍል ይቀጥላል› ይላል።»

ገጹ አልነበረም። እንዳይገለበጥ የተደረገበትን ቁልፍ ሰብሮ «ጥቁር ቀበሮ» ብሎ የፈረመው ሰው፣ ዲስኩ ላይ ለአንድ ጨዋታ ቦታ ሲያመቻች ቆርጦ ጥሎታል። ሚስተር ቴሽ እጇን ለቀቁ።

«እንግዲህ ሌቦች ናችሁ ልትይን ነው።»

«እርስዎ ምን ይሉታል?»

«ማካፈል። ጎረቤቴ ሻማውን ከኔ ሻማ ቢለኩስ የኔ አይጨልምም። ያንቺ ዲስክ እዚያው ካንቺ ጋር ነው። ምን ጎደለብሽ?»

«ሻማ ሠሪም እራት ይበላል፣ ሚስተር ቴሽ።»

«የጡረተኛ ኪስ ደግሞ ታውቂዋለሽ። ባንገለብጠውም አንገዛውም ነበር።»

«አልችልም ብለው ቢጽፉልኝ በነጻ እልክልዎት ነበር። ቢያንስ ወይዘሮ ቬርና መኖራቸውን አውቅ ነበር። የመጣልኝ ደብዳቤ በጣት የሚቆጠር ነው። ማንም አልፈለገውም ብዬ ተውኩት። እስቲ እዚህ ቤት ይህ ፕሮግራም ያለው ስንት ሰው ነው?»

ሚስተር ቴሽ ዞረው አባሎቻቸውን አዩ። ሁሉም አንገቱን ደፋ።

ከዚያ በኋላ ድምፃቸው ተለወጠ። ባለቤታቸው ነጠላ ቃላቱን ተምረው መጨረሳቸውን ነግረው፣ ከእንግዲህ ምን እንደሚያስፈልጋቸው ጃኒንን ጠየቋት። ዓረፍተ ነገር መሆኑን፣ ሁለተኛው ክፍል የሚያስተምረው እሱን እንደነበር ነገረቻቸው።

«እሱን ስጪኝ። የፈለግሽውን እከፍላለሁ።»

«የለም» አለች ጃኒን። «ገዢው በባዶ ዲስክ ይደሰታል ብዬ ትናንት ዲስኮቼን ሁሉ አጠፋኋቸው። ሥራዬ እነሱ ላይ ነበር።»

«ሌላ ቅጂ አላስቀረሽም?»

«ለማን ብዬ?»

ሁሉም ነገር በሚገለበጥበት ቤት ያ አንድ ነገር ብቻ ቅጂ አልነበረውም። እንደገና መሥራት ይቻል እንደሆነ እኔው ጠየቅኋት። ሁለት ክረምት እንደፈጀባት፣ አሁን ግን ጊዜውም ልቡም እንደሌላት ነገረችኝ።

ሚስተር ቴሽ ተነሡና ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ያሉትን የመገልበጫ ኮምፒውተሮች ገመድ በገዛ እጃቸው ነቀሉ። ከአባሎቹ ያጉረመረሙ ነበሩ።

«ተሳስቼ ነበር» አሉ። «ምን ጎደለባት እያልኩ ስከራከር የጎደለው ከኔው ቤት ነው። የዛሬውን ገልብጠን የነገውን ገደልነው።»

ከዚያ ወር ጀምሮ ያ ጠረጴዛ ተነሣ። ሠሪዎቹ ራሳቸው የፈቀዷቸው ፕሮግራሞች አሁንም ይገለበጣሉ፤ ሌላውን በኅብረት እናዝዛለን፤ በብዛት ስንገዛም ይቀንሱልናል። ስሕተት ስናገኝ እንጽፍላቸዋለን፤ አርመው ይልኩልናል። አንዳንዶቹም እዚያ ምድር ቤት ድረስ መጥተው አዲስ ሥራቸውን ያሳዩናል። ከአባሎቻችን ብዙዎቹ ግን ኮብልለው ወጥተዋል። አንባቢዬን የምመክረው ይህን ነው፤ ወተት የሚወድ ሰው ላሟን ይቀልብ፤ ገንዘብ ቢያጣ እንኳ ምስጋና አይጣ።

ለጃኒን ግን ይህ ሁሉ ዘግይቷል። ኮምፒውተሯን አባላችን የሆነው የሚስተር ቴሽ ጎረቤት ገዛው፤ እሷም ፋብሪካ ገባች።

ባለፈው እሑድ ወይዘሮ ቬርናን ልጠይቅ ሄጄ ነበር። በመስኮት አሻግረው እያዩ «በረዶ» አሉ። ሚስተር ቴሽ ቶሎ ብለው አጠገባቸው ተንበረከኩ።

«በረዶው ጀመረ ልትይ ነው?» ወይዘሮዋ አይደለም በሚል ራሳቸውን አወዛወዙ። «ልጥረገው? በረደሽ? ልጅ ሳለን የተንሸራተትነው ትዝ አለሽ?»

ወይዘሮ ቬርና አንድ ጊዜ አፋቸውን ከፈቱ፣ የባላቸውን ፊት አዩ፣ መልሰውም ዘጉት።