ጎርፍ የቀናቸው ሰው

«ነቃሽ የኔ እመቤት? ነይ እስቲ ትራስሽን ላስተካክልልሽ… ዝናቡ እንኳን አባራ፤ ሰማዩም ፈካ ብሏል። ጥርስሽስ እንዴት ነው? አመመሽ? አይዞሽ፤ ጥርስ ባለቤቱን የሚያመው እስኪበቅል ነው፤ ከበቀለ በኋላ የሚያመው ሌላውን ነው።»

ሕፃኗ ጠረጴዛው ላይ፣ ደረቅ ሳፋ ውስጥ፣ በትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች። ጎህ ሲቀድ የገባው ጎርፍ ምድር ቤቱን ሙሉ ይዞታል፤ ቅጠሉንና ፌስታሉን እየነዳ ገብቶ ቁርጭምጭሚት ድረስ ተኝቷል። ፍራሹ ግድግዳ ተደግፎ ቡናማ ውሃ ያንጠባጥባል። ከጠረጴዛው ጎን፣ ደርቃ በቀረችው ብቸኛ ወንበር ላይ፣ የሕፃኗ አያት እግሯን በተገለበጠ ባልዲ ላይ ሰቅላ ተቀምጣለች። ትንፋሽ በሳበች ቁጥር ደረቷ ያፏጫል።

ውሃው ባልደረሰበት የደረጃው እርከን ላይ ደግሞ የሕፃኗ አባት ታላቅ ወንድም ቆሟል። ፎቁ የእሱ ነው። አንዲት ትንሽ የውሃ ማጣሪያና የፍሳሽ ኩባንያ ውስጥ አክሲዮን ከገዛ ወዲህ ቤተሰቡ «ባለአክሲዮኑ» ይለዋል፤ እሱም አይጠላውም። ዛሬ መሰሎቹ፣ ያቺን ኩባንያ እግር በእግር የሚከተሉ ሰዎች፣ በውጭው ደረጃ ወጥተው ሳሎኑ ውስጥ ተሰብስበዋል። እሱ በውስጠኛው ደረጃ የወረደው ወንበር ስላነሰው ነው። ጠየቀ። ጠይቆም እናቱ የተቀመጠችበትን ወንበር ሰረቅ አድርጎ አየ።

የሕፃኗ እናት ወደ ልጇ ዞረች። ዘመዶቹ «አፍ የላትም» የሚሏት ልጅ ናት። ባሏ ውሃ መሳቢያ ሞተር ሊዋስ ከወጣ ቆይቷል። እሷ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሳይመሽ አማቷ ከዚህ እርጥበት ወጥታ ፎቅ ላይ ደረቅ አልጋ ውስጥ እንድትገባ። ባለፈው ብርድ ያ ደረት ሞት አፋፍ አድርሶ ነው የመለሳት። ታዲያ የታናሽ ወንድም ሚስት ታላቁን «እናትህን አንሳ» ብላ አታዝም። ልጇን ማጫወት ግን ማን ይከለክላታል?

«ምን እንዳሰብኩ ታውቂያለሽ የኔ ሆድ? ስታድጊ አንድ የማውቃቸውን ሰው ብትሆኚልኝ ብዬ። አይ… አጎትሽን አላልኩም! አጎትሽማ እዚህ ቆመው የለ? ሌላ ሰው ናቸው። ሩቅ ናቸው። በጣም ሩቅ… አንድ ፎቅ ያህል።

«ዐዋቂ ናቸው እኮ! እኔና አንቺ ዝናብ ስናይ ዝናብ ነው የምናየው። ልብስ ከገመድ እናወርዳለን፣ በር እንዘጋለን፣ አለቀ። እሳቸው ዝናብ ሲያዩ ገበያ ያያሉ። ሰማይ ሲጠቁር ፊታቸው ይፈካል። የአየር ትንበያ ሲነገር ቤቱ ውስጥ ዝንብ አይጮኽም። መንገድ ላይ ኩሬ ቢያዩ እንደ እኛ ዘለው አያልፉም፤ ቆመው ያዝኑላታል፤ ‹ምነው አነስሽ!› ብለው። የኩባንያዋ መኪና ባለፈች ቁጥርማ ከመቀመጫቸው ብድግ ይላሉ። እናቱ ስትገባ ብድግ የሚል ስንት ሰው አለ? እሳቸው ለፍሳሽ መኪና ብድግ ይላሉ። አክብሮት ማለት ይሄ አይደል?

«አንድ ቀን ከመሰሎቻቸው ጋር ሄደው ማጣሪያውን ጎበኙና የተጣራውን ውሃ በጠርሙስ ይዘው መጡ። ሳሎን መደርደሪያው ላይ፣ ከልጆቻቸው ፎቶ ከፍ አድርገው አስቀመጡት። ማንም አይነካውም። እኔ አቧራ ልጠርግ ወጥቼ ‹ይጠጣል?› ብዬ ብጠይቃቸው ሳቁብኝ። ‹አንቺ ትምህርትሽን ስላቋረጥሽ ነው፤ ይሄ የሚጠጣ ሳይሆን የሚታይ ነው› አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ድሮ ሰዎች ‹ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እምቦጭ› ይሉ ነበር። ምን ያድርጉ፣ አክሲዮን የሚባል ሙቀጫ አላዩማ!»

ባለአክሲዮኑ ጉሮሮውን ጠረገ። እሷ የሕፃኗን አፍ ጠረገች።

«ውለታቸውንማ አንስቼ አልጨርሰውም። ይሄ በደጃችን የሚያልፈው ቦይ የለም? በየዓመቱ ከዝናብ በፊት የኩባንያዋ ሠራተኞች መጥተው ደለሉን ዝቀው፣ ቆሻሻውን ለቅመው ይሄዱ ነበር። ከዚያ ዝናቡ ይመጣል፣ ውሃው በቦዩ እሺ ብሎ ያልፋል፣ ማንም አይጮኽ፣ ማንም አያመሰግን። እስቲ ይሄ ምን ሥራ ይባላል? እኚህ ሰውና መሰሎቻቸው ስብሰባ ላይ ተነሱና ‹ለምን ቀድመን እንጠርጋለን? ይደፈን! ሲደፈን ሰዉ ራሱ ይጠራናል፤ ያኔ ነው የሚያዋጣው› ብለው እጃቸውን አወጡ። ድሮ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ነበር፤ ዛሬ እጅ ቢያብር ቦይ ይደፍናል። እዚችው ጠረጴዛ ላይ ሆነው ሲነግሩን እንዴት ደስ ብሏቸው ነበር መሰለሽ! አንቺ ሾርባሽን እየተፋሽ ስለነበር አልሰማሽም። አያትሽ ደግሞ ሰው ሲደሰት ትደሰታለች እንጂ ምን እንዳስደሰተው አትመረምርም። ‹እሰይ፣ ይቅናህ!› አለች። ይኸው ቀናቸው።

«ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም። ከአንጀት ከተመኙም ጎርፍ አይገድም። ‹ምነው ሌላ ሰፈር በገባ› ትይኛለሽ? አይ ሞኝ! ጎርፍ የባለአክሲዮን እናት… ኧረ ምን እያልኩ ነው… የሰው እናት መለየት ያውቃል እንዴ? ውሃ የሚያውቀው ቁልቁል ብቻ ነው። ቁልቁል ደግሞ ማን አለ? እኛ።»

ከላይ ሳቅ ወረደ፤ የብዙ ሰው፣ የሞቀው ሰው ሳቅ።

«ሰማሽ? ‹ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል› ይባላል። በእኛ ቤት ግን ሥራው ተከፋፍሏል፤ የሚስቁት ላይ ናቸው፣ የሚወሰደው እዚህ ነው።

«ደግሞ ሰነፍ እንዳይመስሉሽ። ጎርፉ እንደገባ ሲሰሙ ማንም ሳይቀድማቸው ነው የወረዱት! ባዶ እጃቸውንም አይደለም፤ ስልክ ይዘው። የጨው ተራራ ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል አይደል የሚባለው? ቤት ሲጥለቀለቅ ደግሞ ሞኝ በባልዲ ይቀዳል፣ ብልህ ፎቶ ያነሳል። እኔና አባትሽ ሞኞቹ ነበርን። እሳቸው ከአያትሽ አልጋ ፊት ለፊት ቆሙና በፍቅር… እንዴት ባለ ፍቅር መሰለሽ… ‹እማ…› ብቻ አንድ ነገር ብለው ጠርተዋት፣ ‹እግርሽን ትንሽ ከፍ አድርጊልኝ› አሏት። ውሃው ግድግዳው ላይ የደረሰበት መስመር በእግሯ ተከልሎ ነበራ! እሷ ግን እሷን ሊያነሷት መስሏት ሻሿን አስተካከለች። ፈገግ አለች። ውሃ መሃል አልጋ ላይ ተቀምጣ፣ እግሯን አንጠልጥላ፣ ፈገግ አለች እኮ!»

አሮጊቷ ዓይኗን ወደ ባልዲው አወረደች።

«ኋላ ‹እስቲ አሳየኝ› ብላ ለመነቻቸው። አሳዩዋት፤ አይነፍጉም። ስልኩን አራቀችው፣ አቀረበችው። ‹ግድግዳው አለ… ውሃውም አለ… እኔስ የታለሁ?› አለች። ቆርጠዋት ነበር። አይፈረድባቸውም! መሰሎቻቸው የሚፈልጉት የውሃውን ልክ ነው፤ አሮጊት ምን ትጨምራለች? ፎቶው ገና ከመላኩ ጭብጨባው ዘነበላቸው፤ ስልኩ ላይ ያ ሁሉ የሚያጨበጭብ እጅ ሥዕል! አንደኛውማ ‹እንኳን ደስ ያለን፣ ሥራ መጣ› ብሎ ጽፎላቸው ጮክ ብለው አነበቡልን። እኔም ፍራሹን እየጨመቅሁ በሆዴ ‹እንኳን አብሮ ደስ አለን› አልኩ። ሌላ ምን ይባላል?

«አያትሽን አንቺ እያልኩ እሳቸውን አንቱ ማለቴ ገርሞሽ ይሆናል። አንቺ የምለው አቅፌ የማነሳውን ነው የኔ ሆድ። አንቱ የሚባል ሰው ማን ደፍሮ ይነካል? እሳቸውስ ማንን ይነካሉ? ያቆሽሻላ።

«አሁን ደግሞ ወንበር አነሳቸው አሉ። ያሳዝናል። እንግዳ አቁሞ ከማስተናገድ የባሰ ምን ውርደት አለ? እንስጣቸው እንዴ እመቤቴ? አያትሽ እንደሆነች ከስታለች፤ ከአንቺ ጋር ሳፋው ውስጥ ትገባለች። ደረቷም ቢያፏጭ ለእንግዶቹ ሙዚቃ ነው፤ ሲመሽ ብርዱ ሲጨምር ደግሞ ይደምቃል። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው የሚሉት ለዚህ ነው መሰለኝ። አንዱን ሞተር ፍለጋ ይልካል፣ አንዱን… ይቅር። ስለ ሌላ ሰው ነበር የማወራሽ።»

አሮጊቷ እጇን ዘርግታ የምራቷን ክንድ ያዘች። «ተይ» ማለቷ ይሁን «በርቺ» ማለቷ አልታወቀም። የታወቀው ቅዝቃዜው ነው፤ ከውሃ የወጣ ድንጋይ ይመስል ነበር እጇ። ባለአክሲዮኑ አንድ እግሩን ወደ ላይኛው እርከን አነሳ፤ ወንበሩንም ነገሩንም ትቶ ሊሄድ ነው።

ያን ጊዜ አፍ የላትም የተባለችው ልጅ ድምፅዋን ከፍ አደረገች። የፎቁን ሳቅ ያወረደ ደረጃ የምድር ቤቱን ቃል ሳያወጣ እንደማይቀር ታውቃለች።

«እኔ የሚቆጨኝ ግን ምን መሰለሽ? እነዚያ የተከበሩ እንግዶች ፎቶ ብቻ አይተው መቅረታቸው! ጎርፉ እዚሁ ከእግራቸው ሥር ተኝቶላቸው! ኩባንያዬ ያለ ሰው ሥራውን በዓይኑ ቢያይ ምን ይለዋል? ደረጃው እንደሆነ ደረቅ ነው፤ ጫማም አይነካ። ፎቶው ላይ ያልወጣችውንም… ያልወጣውንም ያዩት ነበር!»

ሳቁ ተቋረጠ። ወንበር ሲገፋ ተሰማ፤ ከዚያ በር ተከፈተ። የተወለወሉ ጫማዎች ተራ በተራ ደረጃውን ወረዱና ከባለአክሲዮኑ ጀርባ ተደረደሩ። ከፊት የነበረው ስልኩን ደቅኖ ነበር የወረደው። ውሃውን አየ፣ ግድግዳውን አየ፣ ከዚያ ወንበሯ ላይ ዓይኑ አረፈና ስልኩን ዝቅ አደረገ። አሮጊቷ የልጇ እንግዶች ናቸውና ሻሿን ሳብ አድርጋ፣ እግሯ ባልዲው ላይ እንደተሰቀለ፣ ራሷን ዝቅ አድርጋ እጅ ነሳች። ወዲያው ሳል ያዛት። ረጅም ሳል ነበር፤ ሲያልቅ እንግዶቹ ሁሉ የሚያዩት እሷን ሳይሆን ባለአክሲዮኑን ሆነ።

እሱም ፊቱን ለወጠ። እናቱ እዚህ መሆኗን ገና አሁን የሰማ፣ ማን ደብቆኝ ነው ብሎ የተቆጣ ፊት አወጣ። እስካሁን ጠብታ ያልነካውን ጫማውን ውሃው ውስጥ ጨመረ። ወንበሯ ፊት ደርሶ ጎንበስ አለና ጀርባውን ሰጣት።

አሮጊቷ ወጣችለት። ክንዷን በአንገቱ ዙሪያ ጣል አድርጋ ጉንጯን ማጅራቱ ላይ አሳረፈች፤ ዓይኗንም ጨፈነች። ልጇ ነዋ! እንግዶቹ ወደ ግድግዳው ተለጥፈው መንገድ ለቀቁ። አንዱ አጨበጨበ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ባለአክሲዮኑ ደረጃው መሃል ቆም ብሎ፣ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ፣ ፈገግ አለላቸው።

የፈለገችው ሆነላት። ዝም ብትል ያምርባት ነበር። ግን ልጇን ከሳፋው አውጥታ ደረቷ ላይ አደረገቻትና ትንንሽ እጆቿን በእጆቿ ይዛ ወደ ደረጃው ዘረጋቻቸው። ድምፅዋ ማር ነበር።

«አየሽ የኔ እመቤት? ልጅ መውለድ እንዲህ ነው! በይ እጅሽን ዘርጊና አሜን በይ። እግዜር ዕድሜ ከጤና ይስጣቸው። ፀጉራቸው እስኪነጣ፣ ጉልበታቸው እስኪዝል ያኑራቸው። ልጆቻቸው እሳቸውኑ ይምሰሉላቸው፤ እነሱም እንዲህ ጎንበስ ብለው በጀርባቸው ይሸከሟቸው። ብቻ በዚያን ቀን… አደራ ጌታዬ… ቤታቸው እንግዳ አይጣ።»