ድምፅ የሌለው ማስታወቂያ

ከጂዳ ወደ መካ የሚሄድ የጋራ መኪና ካልሞላ አይነሣም። አንድ ዓርብ ጠዋት ጁምዓን በሐረም መስጊድ ልሰግድ ብዬ ከኋላ ተቀምጬ ሹፌሩ ተሳፋሪ ሲጣራ፣ ሐጅ ከቢር ከዘራቸውን አስቀድመው ገቡ። ሰላምታችን ሳያልቅ ፉአድ የሚባል ወጣት ተከትሎ ገብቶ በመካከላችን ተቀመጠ።

ሁለቱንም አውቃቸዋለሁ። ሐጅ ከቢር የወገኖቻችንን ጉዳይ በሚያስፈጽም አንድ የመንግሥት ጽሕፈት ቤት የማስታወቂያ ሠራተኛ ናቸው። ማስታወቂያ በር ላይ በሚለጠፍበት ዘመን ሙጫ ይዘው የሚቆሙት እሳቸው ነበሩ። ጽሕፈት ቤቱ ድረ ገጽ ከከፈተ ወዲህም የቀረው ሙጫው ብቻ ነው፤ ደብዳቤው ይጻፋል፣ ይፈረማል፣ ማኅተም ይመታበታል፣ እሳቸውም ፎቶ አንሥተው ድረ ገጹ ላይ ያወጡታል። ጨዋና ሰው አክባሪ ናቸው፤ አንዴ የያዙትን ግን አይለቁም። ፉአድ ደግሞ እዚያው ጂዳ፣ ጃሚዓ ሰፈር ተወልዶ ያደገ ነው። የአማርኛ ፊደል ያስቆጠርኩት እኔ ነኝ። ዛሬ ድረ ገጾችን ማየት የማይችል ሰው ሁሉ እንዲጠቀምባቸው አድርጎ የማስተካከል ሥራ ይሠራል።

ከተማውን እንደ ወጣን ፉአድ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሐጂ፣ ካላስቀየምኩዎት አንድ ነገር ልጠይቅዎት?»

«ጠይቅ ልጄ፣ መንገድ የሚያልቀው በወሬ ነው።»

«የጽሕፈት ቤቱ ማስታወቂያ ሁልጊዜ በፎቶ ነው የሚወጣው። ለምን በጽሑፍ አይሆንም?»

«ፎቶው ላይ ያለው ምንድን ነው? ጽሑፍ አይደል እንዴ?»

«ለሚያይ ሰው ጽሑፍ ነው። ለማያይ ሰው የሚያነብለት ጀዋሉ፣ የእጅ ስልኩ ነው። ጀዋሉ ደግሞ የእኛን ፊደል ፎቶ ላይ ሲያገኘው ‹ምስል› ብሎ ያልፈዋል እንጂ አያነበውም።»

ሐጅ ከቢር ከዘራቸውን በጉልበታቸው መካከል አስተካከሉ። «ኸትም፣ ማኅተም የሌለበትን ነገር ማን ያምናል? አንድ ደላላ ‹ምዝገባ ተከፍቷል› የሚል የውሸት ጽሑፍ በየጀዋሉ በትኖ ስንት ምስኪን ሴት ሜዳ ላይ እንዳዋለ ረሳኸው? ከዚያ ወዲህ ማኅተም ካላያችሁ አትመኑ ብዬ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ወላሂ፣ ማንም እንዳይታለል ብዬ ነው።»

እውነታቸውን ነበር። ያን ጊዜ የተታለሉትን ሴቶች እኔም አይቻቸዋለሁ፤ ሽማግሌው ማኅተምን የሚወዱት ለክብሩ ብቻ አልነበረም።

«ማኅተሙ ይኑር ሐጂ፤ ፎቶውን ያጥፉት ያለዎት የለም። ያንኑ ቃል ከሥሩ በጽሑፍ ይድገሙት ነው የምለው። መንግሥት ለሁሉም ነው ከተባለ፣ ድረ ገጹም ለሁሉም መሆን አለበት።»

«ልጄ፣ ዓይነ ስውር በእኛ ወግ ብቻውን አይጣልም። ጎረቤት አለው፣ ዘመድ አለው። አንብቡልኝ ቢል እምቢ የሚለው የለም፤ ለሚያነብለትም አጅር፣ የአላህ ምንዳ ነው። እናንተ ሁሉን ነገር ለማሽን ሰጥታችሁ ሰውን ከሰው ልትለዩት ነው።»

ይህን ሲሉ ልቤ ወደ እሳቸው አዘነበለ። በስደት አገር ከሰው በቀር ምን አለን?

«አጅሩ ይቅር አላልኩም» አለ ፉአድ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ግን ጎረቤት የሌለ ዕለትስ?»

«ጎረቤት የት ይሄዳል?»

ወጣቱ ወደ እኔም ዞረ። «መካ፣ ዑተይቢያ ሰፈር፣ አክስቴ የምላት ዘሊካ ዘንድ ነው የምሄደው። እናቷ አገር ቤት ሞታባት ተዕዚያ ላይ ናት። ከሶላት በኋላ አብራችሁኝ ብትመጡ ደስ ይለኛል» አለ። ለቅሶ ድረሱ ተብሎ እምቢ የሚል በአገራችን የለምና ሁለታችንም እሺ አልን።

ዘሊካ የወሎ ሴት ናት። ዘመኗን ሁሉ በሰው ቤት ስትሠራ ኖራ፣ ስኳር በሽታ ዓይኗን ሲጋርደው መዳሟ አሰናበተቻት። ከዚያ ወዲህ ሀሰና ከምትባል የአገሯ ልጅ ጋር በአንዲት ጠባብ ክፍል ትኖራለች። ፍራሽ ላይ ተቀምጣ አገኘናት። ፋቲሓ ቀራን፤ «አላህ ይርሐማት» አልን።

«ታመው ነበር ወይ?» አሉ ሐጅ ከቢር።

«ታማ ከርማለች። ‹ያንቺ ዓይን ባያይ የኔ ያያል፣ ብቻ ነይልኝ› ትለኝ ነበር በስልክ። እኔስ ለመሄድ ምን ያላደረግሁት አለ? ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ አልቋል፤ የመውጫ ወረቀት ያስፈልገኝ ነበር። ‹በሽተኞችን እናስቀድማለን፣ ማስታወቂያውን በድረ ገጻችን ተከታተሉ› አሉን ከጽሕፈት ቤቱ። እኔም ተከታተልኩ።»

«ታዲያ ምን ሆነ?»

«በየቀኑ ሱብሒ ሰግጄ ጀዋሌን እጠይቀዋለሁ። ‹ምስል› ይለኛል። በማግሥቱም ‹ምስል›። የስብሰባ ፎቶ መሰለኝ። እንግዳ ሲቀበሉ፣ አበባ ሲሰጡ ያወጣሉ ይሉኝ ነበርና፣ ያው ነው ብዬ አለፍኩት።»

ሐጅ ከቢር ወደ ፉአድ አዩ፤ እሱ አቀርቅሯል። «የሚያነብልሽ ጎረቤት አልነበረም?» አሉ፣ ድምፃቸው መኪና ውስጥ ከነበረው ተለውጦ።

የመለሰችው ሀሰና ናት። «የሐጅ ሰሞን ነበር። የዚህ ሕንፃ ሴት ሁሉ ዓዚዚያ ሰፈር የሐጃጅ ማረፊያ እያጸዳን እዚያው ነው ያደርነው። ተመልሼ ሳነብላት ምዝገባው ኸላስ፣ ተዘግቷል።»

«ደውለሽ ብትጠይቂያቸውስ?» አሉ ሐጅ ከቢር ወደ ዘሊካ ዞረው።

«ሰው ሥራ ላይ እያለ ‹ፎቶ እዩልኝ› ይባላል አንቱ?» አለች ዘሊካ። «ሁልጊዜ አስቸግራቸዋለሁ። ያን ሰሞን እንኳ ልረፍላቸው አልኩ።»

ሽማግሌው ወደ ፍራሹ ተጠጉ። ከዚያ «እስቲ ልስማው» ብለው ስልኩን እንድትከፍተው ለመኗት። ዘሊካ ጣቷን በድረ ገጹ ላይ አወረደች። ስልኩ «ምስል» አለ። ዝቅ ስታደርገው «ምስል»፣ ደግሞ ዝቅ ስታደርገው «ምስል»። ሐጅ ከቢር በየተራ እያነሡ ያወጧቸው ደብዳቤዎች ሁሉ ነበሩ።

«ዘሊካ፣ እነዚህን ፎቶዎች የማወጣቸው እኔ ነኝ» አሉ።

ፊቷን ወደ ድምፃቸው መለሰች። የቁጣ ቃል ብጠብቅም አልመጣም። «ማኅተሙ ጥሩ ነበር አሉ» አለች። «ሀሰና ነገረችኝ። ሰማያዊ ነው።»

ወደ ጂዳ ስንመለስ ተከራካሪ አልነበረም። ሐጅ ከቢር «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነብኝ» አሉና፣ እንደ ተማሪ ሲጠይቁት ፉአድ አስረዳቸው። ጽሑፍ ከፎቶው ሥር ከተደገመ፣ ስልክ ያነበዋል። የመመዝገቢያው ቅጽ እያንዳንዱ ቦታ ስም ከተሰጠው፣ የማያይ ሰው ራሱ ይሞላዋል። ስሕተት በቀይ ቀለም ብቻ ሳይሆን በቃል ከተነገረ፣ የዓይኑ ብርሃን የደከመም ይገባዋል።

እኔም በዚያ መንገድ ሳስበው፣ ነገሩ የዓይነ ስውራን ብቻ እንዳልሆነ ታየኝ። ፊደል ሳትቆጥር የመጣች ስንት የቤት ሠራተኛ አለች፤ ስልኳ ካነበበላት እሷም መብቷን ታውቃለች። መስመር የደከመበት ስልክ ፎቶ መክፈት ቢያቅተው ጽሑፍ ያመጣል። ሰውም ምሥጢሩን ለጎረቤት ሳይገልጥ ጉዳዩን ይጨርሳል፤ ጎረቤት ሲመጣ ደግሞ ለጨዋታ ይመጣል። ይህ ሁሉ የሚጠይቀው ጥቂት ድካም ነበር። ሳይደርቅ በእርጥቡ የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው፤ እኛ ግን ደርቆ ደረስንበት።

ሐጅ ከቢር አለቆቻቸውን ደጅ ጠንተው አስፈቀዱ። የበሽተኞች ምዝገባ እንደገና ሲከፈት ከፉአድ ጋር ዘሊካ ዘንድ ነበርኩ። ስልኳ እየተኮላተፈ ማስታወቂያውን ከላይ እስከ ታች አነበበው። መጨረሻው ላይ እንዲህ የሚል ነበረበት፦ «ይህ ደብዳቤ የኃላፊው ፊርማና የጽሕፈት ቤቱ ማኅተም አለበት። ማየት ለማትችሉ፣ አለበት ብዬ የምመሰክርላችሁ እኔ ከቢር ነኝ።»

«አላህ ይስጣቸው» አለች ዘሊካ። «የእናቴን መቃብር እንኳ በእጄ ልዳስስ።»

ፉአድ ሊሞላላት እጁን ሲዘረጋ «ተው፣ ራሴ» አለችው። ስልኩ ስሟን ጠየቃት፣ ሞላች። የተወለደችበትን ጠየቃት፣ ሞላች። ከዚያ «አገር ቤት የሚቀበልዎት ሰው ስም» አለ።

ዘሊካ ጣቷን አነሣች። ጥቂት ቆይታ እዚያው ቦታ ላይ መልሳ አሳረፈችው፤ ስልኩም ጥያቄውን ደገመላት።